በአጥንቱ ለተሰደበ ሰው ሕጉ ስንት ይክሳል?

ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ትይዩ ባለች አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀምጠናል። ከጎኔ ያሉት እናት ከቀጨኔ የመጡ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ተጠግቷል፤ የጣቶቻቸው ጫፍ ዘመናቸውን ሁሉ ጭቃ ሲያሽ ኖሮ አሻራው ደብዝዟል። የሚታወቁበትን ዝርዝር ሆን ብዬ ትቻለሁ። ጉዳዩ ግን ይህ ነው። የጎረቤት ሕፃን ታመመ፤ እናቱ ደጅ ወጥታ "ይህች ቡዳ ልጄን በላችብኝ!" ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷን የሰሙ ሰዎች ግቢያቸውን ጥሰው ገቡና ደርቀው እሳት የሚጠብቁ 32 ጀበናዎችን ሰባበሩባቸው። እርሳቸውንም ገፍትረው ጣሏቸው።

ጸሐፊው ትዕግሥተኛ ወጣት ነው። ጀበናዎቹን በቁጥርና በዋጋ መዘገበ። የተሰበረውን መደርደሪያ ጨመረ። ለእጃቸው ወለምታ የታከሙበትን ደረሰኝ ደመረ። መሐል ላይ አንድ ነገር ከነከነውና "እማማ፣ እነዚህ እኮ ገና ያልተተኮሱ ናቸው፤ ጭቃው ተመልሶ አይቦካም?" ሲል ጠየቃቸው። "ጭቃውስ ይመለሳል፣ ቀኑ አይመለስም እንጂ" አሉት። ጻፈው። ከዚያ "ሌላ የሚጠይቁት ካሣ አለ?" አላቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ቡዳ ያሉኝስ?" አሉ።

ጣቶቹ ቆሙ። ወደ እኔ ዞረ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ቤቴ ገብቼ መልሱን ከሕግ መጻሕፍት ፈለግሁ፤ አገኘሁትም። ለእናቲቱ ለመንገር ግን አፍሬያለሁ። መልሱ ቢበዛ 1,000 ብር ነው።

ቁጥሩ የመጣው በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ዛሬም በሥራ ላይ ካለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ በብዙ ረገድ ከተበዳይ ጎን የቆመ ነው። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ አንቀጽ 2091 ደግሞ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ይጠይቃል። ነገሩ የሚበላሸው በፍርድ ቤት አካባቢ የሞራል ጉዳት ከምንለው፣ ማለትም ከክብርና ከስሜት ጉዳት ላይ ስንደርስ ነው። አንቀጽ 2105 ሕግ ለይቶ ካልፈቀደ በቀር እንዲህ ላለው ጉዳት የገንዘብ ካሣ እንደማይሰጥ ይናገራል። ቀጥለው የሚመጡት አንቀጾች የተፈቀዱትን ይዘረዝራሉ፤ ሆን ተብሎ የተፈጸመ በደል፣ በሰው አካል ላይ የተሰነዘረ ድብደባ፣ ስም ማጥፋት ከእነዚህ መካከል ናቸው። የእናቲቱ ጉዳይ ሦስቱንም ይነካል። ሆኖም አንቀጽ 2116 ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያስገባቸዋል፤ ዳኛው የሚወስነው የሞራል ካሣ በምንም ምክንያት ከ1,000 ብር ሊያልፍ አይችልም።

ሕጉ ሲወጣ 1,000 ብር የዋዛ ገንዘብ አልነበረም። አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም አካባቢ ይመነዘር ስለነበር ወደ 400 ዶላር ይጠጋ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ያው 1,000 ብር ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። ከሕጉ አንዲት ቃል ሳትነካ፣ ማንም ሳይሰበሰብና ድምፅ ሳይሰጥ፣ የተዋረደ ሰው ካሣ ከአርባ እጅ አንድ እጅ ሆኖ ቀረ።

ሕግ አውጭው ከዚህ የተሻለ ማሰብ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መብቱ ለተደፈረበት የሥራ አመንጪ የሚከፈለው የሞራል ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። አንዱ ሕግ ጣሪያ ሠርቷል፣ ሌላው ወለል። ጣሪያው ከወለሉ መቶ እጥፍ ዝቅ ይላል። ደራሲና ሙዚቀኛ ይህን በማግኘታቸው ደስ ይለኛል፤ ለዓመታት የታገሉለት ነው። ግጥሙ የተሰረቀበት ሰው ኅሊናው መጎዳቱን የተረዳ ሕግ ግን፣ በገዛ ግቢዋ "ጅብ ሆነሽ የምትዞሪ" ተብላ የተደበደበችን ሴት ጉዳት ሊረዳ አይችልም ብዬ ለመቀበል እቸገራለሁ።

እዚህ ላይ ጠበቆች ልብ ቢሉት የምለው አንድ ነገር አለ። ጣሪያው የተሠራው ለሞራል ጉዳት ብቻ ነው። ለቁሳዊ ጉዳት፣ ማለትም ለጠፋው ንብረት፣ ለወጣው ወጪና ለታጣው ገቢ፣ ጣሪያ የለም። "ቡዳ" የሚለው ቃል ደግሞ ስሜትን ብቻ አይጎዳም፤ ገበያ ይዘጋል። የእናቲቱን ጀበና በየሳምንቱ የሚወስድ አንድ ነጋዴ ነበራቸው፤ ከጩኸቱ በኋላ መምጣቱን አቆመ። ከጎረቤት የሚላኩ ሁለት ልጃገረዶች አፈር በመውቀጥና በመንፋት ያግዟቸው ነበር፤ እናቶቻቸው ከለከሏቸው። ጀበና ያለ ማሽከርከሪያ፣ በእጅ ብቻ የሚሠራ ነው። አፈሩ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይቦካል፤ ሆዱ ተሠርቶ ጥቂት ሲጠነክር አንገቱና ጆሮው ይቀጠላሉ፤ በለስላሳ ጠጠር ይታሻል፤ ቀናት ፈጅቶ ይደርቃል፤ ከዚያ ነው እሳት የሚገባው። አጋዥ ያጣች ሸክላ ሠሪ በሳምንት የምታወጣው በግማሽ ቢቀንስ ያ ግማሽ ገቢ በሕጉ ቋንቋ የታጣ ጥቅም ነው፤ ሊጠየቅ ይገባል።

ተከሳሹ "ደረሰኝ የታለ?" ማለቱ አይቀርም። በጉሊት የሚሸጥ ጀበና ደረሰኝ የለውም። ለዚህም ሕጉ መልስ አለው፤ አንቀጽ 2102 የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ በማይችልበት ጊዜ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም በሚዛናዊ ግምት፣ እንዲወስነው ይፈቅዳል። ስለዚህ ጥያቄው ዳኛው ይችላል ወይ ሳይሆን፣ ማመልከቻው ላይ የሚጽፍለት ሰው አለ ወይ ነው። እኔ ያየሁት ወጣት ጸሐፊ ለ32 ጀበና የጠየቀው ዋጋ ለሚቀጥሉት ወራት የቀረውን ገቢ አይጨምርም ነበር። ነገርነው፤ ጨመረው።

ሌላው በር የወንጀል ችሎቱ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 101 ተበዳይ የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉም ከአንቀጽ 154 ጀምሮ አካሄዱን ያሳያል። ድኻ ተበዳይ ሁለት ጊዜ እንዳይመላለስና ማስረጃ ሁለት ጊዜ እንዳይሰማ የታሰበ ጥሩ መንገድ ነው። አንቀጽ 102 ደግሞ ከዚያ ያልፋል፤ ወንጀለኛው መክፈል የማይችል ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከተወረሰ ንብረት ሽያጭ ወይም ከመቀጮው ላይ ለተበዳዩ እንዲከፈል ሊያዝ ይችላል። መቀጮ ዘወትር ወደ መንግሥት ካዝና እንደሚገባ ለለመድን ሰዎች ይህ ትልቅ ሐሳብ ነው፤ ሲሠራበት ግን ብዙም አናይም። ስድብ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ በመሆኑም ተበዳይ በሦስት ወር ውስጥ ማመልከት አለበት። ይህን የሦስት ወር ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በሁለቱም በር የሚገባው ተበዳይ የሚያቀርበው ክስ ግን ስለ ስድብ፣ ስለ ድብደባ ወይም ስለ ንብረት ነው። ስለ መድልዎ አይደለም። አንዲት ሴት ሸክላ ሠሪ ከሆኑ ወላጆች በመወለዷ ብቻ መበደሏን ለይቶ የሚጠራና ካሣውን በዚያ ልክ የሚያሳድግ ድንጋጌ የለንም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንኳ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳተኝነትን ሲጠራ ሙያና ትውልድን አልጠራም።

ሕገ መንግሥቱ ግን ጠርቷል። አንቀጽ 25 ልዩነት የማይደረግባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር ማኅበራዊ አመጣጥንና ትውልድን በስማቸው ያነሣል፤ አንቀጽ 24 የሰብዓዊ ክብርና የመልካም ስም መብትን ያረጋግጣል። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፉ የዘር መድልዎ ማስወገጃ ስምምነት በአንቀጽ 6 ተበዳዮች ተገቢና በቂ ካሣ የመጠየቅ መብት እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ የስምምነቱ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2002 "ትውልድ" የሚለው ቃል በውርስ የሚተላለፍ የማኅበራዊ ደረጃ መድልዎን እንደሚያጠቃልል አስረድቷል። በዚህ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትንና በፍርድ ሊወሰኑ የሚችሉትን ሰብዓዊ መብቶች ለማስከበር ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ሰጥቷል። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ የሚያስር ክስ ይዞ የሚቀርብ ደፋር ጠበቃ ቢገኝ የ1952ቱ ጣሪያ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። እኔ በዚህ ክርክር የማን ወገን እንደምሆን ግልጽ ነው።

አንዳንድ አንባቢ "በአዲስ አበባ መሐል እንዲህ ያለ ነገር ዛሬም አለ?" ሊለኝ ይችላል። አለ። ከቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች እስከ ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ የምንኮራበት ሁሉ ከባለ እጅ ቤት የወጣ ነው። ባለ እጅ የሚለው ቃል ራሱ በአንድ በኩል የሙያ ማዕረግ፣ በሌላ በኩል በሹክሹክታ የሚነገር ክስ ነው። በእናቲቱ ጀበና ቡና የሚያፈላ ሰው እርሳቸው ባፈሉት ቡና ላይ ሲጠራ ምክንያት ይፈልጋል። ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ይባላል። ከከተማው ውጭ ደግሞ ስሙ ይለያያል፤ በጉራጌ ፉጋ የሚባሉት፣ በካፋ ማንጆዎች፣ በሲዳማ ሀዲቾዎች፣ በጣና ዳር ወይጦዎች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የተጠሪዎቹ ምርጫ ሳይሆኑ ሌላው የለጠፈባቸው ስሞች ናቸው። ቤት አለማስገባት፣ በአንድ ዕቃ አለመብላት፣ አለመጋባት የየአካባቢው የጋራ ምልክቶች ናቸው።

አለመጋባትን በሚመለከት አንድ ነገር ለይቼ መናገር እፈልጋለሁ። የእናቲቱ ሴት ልጅ ታጭታ ነበር፤ የወንዱ ወገኖች አጥንት ቆጠሩና ቀረ። ይህ ከጀበናዎቹ መሰበር በላይ እንዳመማቸው ነግረውኛል። ሕግ ግን ማንንም አግባ ሊል አይችልም፤ ስላላገባም ካሣ ማስከፈል የለበትም። ካሣ የሚገባው ለተፈጸመ ጥቃት፣ ለአደባባይ ማዋረድ፣ ለተነፈገ ሥራ፣ ለተከለከለ አገልግሎት፣ ለተከለከለ የመቃብር ቦታ ነው። በሥራ ጉዳይ እንኳ ሕጋችን የተሻለ ቦታ ላይ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዘር ሐረግና በማኅበራዊ አቋም የተነሣ ሠራተኛን ማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል፣ በሕገ ወጥ መንገድ ለተሰናበተ ሠራተኛም የካሣውን ስሌት ያስቀምጣል። ችግሩ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ አሠሪ የላቸውም።

ይህ ነገር ለመንግሥት አዲስ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚነግደውን በየሥራው የሚሰድበውን ሰው ገሥጸዋል፤ የሰው ሁሉ መገኛ አዳምና ሔዋን መሆናቸውን አስታውሰው፣ ከዚያ ወዲያ ሲሳደብ የሚገኝ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዋል። ለዘመኑ እጅግ የራቀ ንግግር ነበር። ይሁንና አዋጁ ያሰበው ስለ ተሳዳቢው ነው፤ ለተሰደበው ምንም አልሰጠም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቅንም። ተሳዳቢው ቢቀጣ እንኳ ተሰዳቢዋ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ይህን መንገድ ከእኛ በፊት የጀመሩ አገሮች አሉ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 17 አለመነካካትን፣ ማለትም በትውልዳቸው ዝቅ ያሉ የሚባሉትን እንደ ርኩስ ቆጥሮ ማግለልን፣ ሻረች፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ በካስት፣ ማለትም በውርስ በሚተላለፍ የማኅበራዊ ደረጃ፣ የተነሣ የሚፈጸም ጥቃትን ለብቻው የሚቀጣ ሕግ አወጣች። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ያለው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣውና በ2016 በተሻሻለው ደንብ ውስጥ ነው። እዚያ ከፋዩ መጀመሪያ መንግሥት ነው። እንደ ወንጀሉ ክብደት ከ85,000 እስከ 825,000 ሩፒ ተቆርጦ ተቀምጧል። ለብዙዎቹ የማዋረድ ወንጀሎች ከተመደበው 100,000 ሩፒ ሩቡ የሚከፈለው ፖሊስ ክሱን በመዘገበ ጊዜ ነው፤ ግማሹ የክስ ሰነዱ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ቀሪው ሩብ ጥፋተኝነት ሲረጋገጥ ይሰጣል። ለምን እንዲህ ሆነ? ተበዳዩ ድኻ ነው፤ በዳዩ ጎረቤቱ፣ አሠሪው ወይም አበዳሪው ነው። ፍርድ እስኪሰጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ስንቅ ከሌለው ክሱን ያነሣል። የመጀመሪያው ሩብ ስንቅ ነው።

ሕንድ ችግሩን ጨርሳለች አልልም። ክስ ላለመመዝገብ የሚያመነታ ፖሊስና ዓመታት የሚጓተት ችሎት እዚያም አለ። ሕጉ የሚጠብቀውም በመንግሥት መዝገብ ከተዘረዘሩት ወገኖች የተወለደን ሰው ነው። ኔፓል በዚህ ረገድ ለእኛ የሚቀርብ መንገድ ይዛለች፤ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 24 አለመነካካትና መድልዎን ከባድ ማኅበራዊ ወንጀል ብሎ ሰይሞ፣ ተበዳዩ ካሣ የማግኘት መብት እንዳለው እዚያው ጽፎታል።

በአዲስ አበባ ይህን ሐሳብ ሳነሣ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ተቃውሞ አለ፤ ከቅን ሰዎች ስለሚመጣም በቁም ነገር እወስደዋለሁ። "ሕጉ ጠይብ፣ ፋቂ እያለ ከጻፈ ሊረሳ የነበረውን ስም በነጋሪት ጋዜጣ ያትመዋል" ይላሉ። ትክክለኛ ሥጋት ነው። መፍትሔው ግን ሰዎቹን ሳይሆን ድርጊቱን መጻፍ ነው። ማንም ሰው ማንንም በትውልዱ ወይም በቤተሰቡ ሙያ የተነሣ ቢያጠቃ፣ ቢያዋርድ፣ አገልግሎት ቢነፍግ የሚል ድንጋጌ የማንንም ስም መጥራት አያስፈልገውም። ተበዳይዋ ጠይብ መሆኗን የማስረዳት ግዴታ አይኖርባትም፤ በዳይዋ ጠይብ ናት ብላ ማጥቃቷ ይበቃል። ለክብር ዋጋ መተመን ነውር ነው የሚሉም አሉ። ዋጋ እኮ ተተምኗል፤ 1,000 ብር ብለን ጽፈነዋል።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ የተበዳዮችን ካሣ ከምሰሶዎቹ አንዱ ስላደረገ ቃሉ እንደገና በየስብሰባው ይሰማል። በእነዚያ አዳራሾች ስለ ጦርነትና ስለ እስር ቤት በደል መነገሩ ተገቢ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ግን እንደ ተበዳይ ሲጠሩ አልሰማሁም። የእነርሱ በደል የመንግሥት ለውጥ ተከትሎ የመጣና የሄደ ስላልሆነ ይሆን?

ወደ ሦስቱ ወር ልመለስ። እናቲቱ ጀበናዎቹ በተሰበሩ ማግሥት ወደ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ነበር። የተረኛው መልስ "የጎረቤት ጠብ ነው፤ በሽማግሌ ጨርሱት" የሚል ሆነ። ሽምግልናን አልንቅም፤ በዚህ ከተማ ብዙ ደም ያቆመ ሽምግልና ነው። ካሣ የሚለውን ቃልም ከፍርድ ቤት በፊት የምናውቀው ከሽማግሌ አፍ ነው። ግን ሽምግልና የሚሠራው ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆነው ሲቀመጡ ነው። እናቲቱ የተቀመጡት ከሽማግሌዎቹ መካከል አንዱ እንኳ ከእርሳቸው ወገን በሌለበት ነበር። በመጀመሪያው ቀጠሮ ለተሰበሩት ጀበናዎች ግማሽ ዋጋ ይከፈል ተባለ። "ቡዳ" የተባሉትን ሲያነሡ "እርሱን ለእግዜር ይስጡት" አሏቸው። በሁለተኛው ቀጠሮ የበዳይ ወገን አልመጣም። ሦስተኛው "ጾሙ ይፈታና" ተብሎ ተላለፈ፤ ከፋሲካ በኋላም ሌላ ሳምንት ተጨመረ።

በመሐል ስለ ስድቡ ለማመልከት የተሰጠው ሦስት ወር አለፈ። ያን የነገራቸው አልነበረም፤ ፖሊሱም ሽማግሌዎቹም። ልደታ ስንገናኝ የቀራቸው የፍትሐ ብሔሩ መንገድ ነበር፤ እርሱም በአንቀጽ 2143 የተሰጠው ሁለት ዓመት ነው። ከሁለቱ ዓመት አምስት ወሩ አልቋል። ጸሐፊው ማመልከቻውን አትሞ ሲያነብላቸው ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡና ከሞራል ካሣው ላይ ሲደርስ "የብሩን ልክ ተወው" አሉት፣ "ቃሉን ግን እንዳለችው ጻፍልኝ፤ ዳኛው ፊት ይነበብ።"